ማመንና መታመን፦ እውነት በትዳር ውስጥ

በአማርኛ «አመነ» የሚለው ግሥ የሁለት የተለያዩ ሰዎችን ሥራ ይገልጻል። «የነገረችውን አመነ» ሲባል የሰማውን ቃል እውነት ብሎ የተቀበለ ሰው ይታሰባል፤ «ጥፋቱን አመነ» ሲባል ግን ደብቆት የኖረውን ነገር በራሱ አንደበት ያወጣው ባለ ጥፋት ነው የሚታሰበው። እምነት፣ ታማኝ፣ አማኝና መተማመን የሚሉት ቃላት ከዚሁ አንድ ሥር የበቀሉ ሲሆኑ፣ «መተማመን» የሚለው ስለ ባልና ሚስት ሲነገር እንደ መነጋገርና እንደ መረዳዳት ሁሉ ድርጊቱ ከሁለት ወገን መምጣት እንዳለበት በቅርጹ ያሳያል። ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር መሠረት የሚደረግ ውይይት ከዚህ የቃላት ዝምድና ቢነሳ ተገቢ ይሆናል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ በኋለኛው ትርጉም ማመን ሲያቅተው፣ ማለትም ያለውን እንዳለ መናገር ሲያቅተው፣ ሌላው በፊተኛው ትርጉም የሚያምንበት መሬት ቀስ በቀስ ይሸረሸራልና።

ጉዳዩን በትክክል ለመረዳት በንግግር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ሐቀኝነት ማለት የሚነገረው ነገር ካለው ነገር ጋር መስማማቱ ሲሆን፣ በዝምታ የሐሰት ሥዕል በሌላው አእምሮ ውስጥ እንዲቀረጽ አለማድረግንም ይጨምራል። ታማኝነት የተገባውን ቃል ኪዳን መጠበቅ ነው። ግልጽነት ደግሞ ሳይጠየቁ የውስጥን አውጥቶ ማካፈል ነው። ከሚስቱ ሌላ ሴት አይቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን የደመወዙን ልክ ለአሥር ዓመት የደበቀ ባል ታማኝ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ሐቀኛ ግን አይደለም። በብዙ ቤት ታማኝነት የሚለው ቃል ወደ መኝታ ጉዳይ ብቻ ስለ ጠበበ፣ «እኔ ከትዳሬ ውጭ ሄጄ አላውቅም» ያለ ሰው ሒሳቡን ሁሉ የዘጋ ይመስለዋል፤ ብዙው መሳሳት የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በትዳር ውስጥ ሐቀኝነት የሚፈለገው ሰው በልቡ የሚያልፈውን ሁሉ የመናገር ዕዳ ስላለበት አይደለም። ሁለት ሰዎች ልጅ ለመውለድ፣ ቤት ለመሥራት፣ ሀገር ለመቀየር፣ የታመመ ወላጅ ወደ ቤት ለማምጣት ሲወስኑ ውሳኔው የሁለቱም የሚሆነው ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ተመሳሳይ ሲሆን ነው። ዕዳውን የደበቀ ሰው ከሚስቱ የወሰደው በራሷ ሕይወት ላይ የመወሰን ሥልጣኗን ነው፤ እርሷ መርጬ ገባሁበት የምትለው ኑሮ በእውነቱ እርሱ ብቻውን የመረጠላት ነው። ውሸቱ በተገለጠ ቀን የሚሰማት ሕመም ከገንዘቡ መጠን ጋር የማይመጣጠነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ እውነትን የማጣራቱ ሥራ ለተጋቢዎቹ የተተወ አልነበረም። በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል በሚኖሩ ክርስቲያን ማኅበረሰቦች ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የዚያኛው ቤተሰብ ጠባይ፣ ጤናና ንብረት በጎረቤትና በዘመድ በኩል ይጠየቃል፤ የሥጋ ዝምድና እንዳይኖርም እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል። የልጅቱ ወላጆች ሽማግሌዎቹን «ከዘመድ እንምከርበት» ብለው በቀጠሮ የሚመልሱበት ልማድ ክብርን ከመጠበቅ ሌላ ለማጣራት ጊዜ ይሰጥ ነበር። ሰማንያ የሚባለው፣ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት በውል የሚፈጸመው ጋብቻም ዋስ የሚጠራበትና ሁለቱ ወገኖች ለአዲሱ ጎጆ የሚሰጡትን በአደባባይ የሚናገሩበት ሥርዓት ነበር። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ደግሞ ኒካሕ የሚታሰረው በምስክሮች ፊት ሲሆን፣ መህር የሚባለው ባል ለሚስቱ የመስጠት ግዴታ ያለበት ስጦታ ይወሰናል፤ ጋብቻው ተደብቆ እንዳይቀርም ይፋ ማድረግ የተወደደ ነው።

ይህን ሥርዓት መናፈቅ ግን ተገቢ አይመስልም። ስለ ሁለቱ ዘሮች ሁሉ ነገር ተጣርቶ ሲያበቃ፣ አብረው የሚኖሩት ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አልነበረም፤ ሙሽራይቱ ገና ልጅ፣ ሙሽራው ደግሞ ፊቷን አይቶ የማያውቅ ይሆናል። ዛሬ ጥንዶች በዩኒቨርሲቲ፣ በሥራ ቦታ ወይም በስልክ ራሳቸው ተገናኝተው፣ ተዋድደውና ተስማምተው ከጨረሱ በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን ሲሉ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ማጣራቱ ቀርቶ ሥነ ሥርዓቱ ብቻ ቆይቷል። የማጣራቱ ሸክም የወረደው በሁለቱ ሰዎች አንደበት ላይ ሲሆን፣ ይህን ሸክም መሸከም ያስተማራቸው ግን ማንም የለም።

ሕጉ የሸክሙን ከፊል ለመያዝ ሞክሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች እንዲቀርቡ ያዛል፤ ተጋቢዎቹና ምስክሮቹም ለጋብቻ የተደነገጉት መሠረታዊ ሁኔታዎች አለመጣሳቸውን በመሐላ ያረጋግጣሉ፣ ሹሙም ከመማላቸው በፊት የሚሰጡት ቃል የሚያስከትለውን ውጤት ሊያስረዳቸው ይገባል። በሠርግ ጥድፊያ መካከል፣ ፎቶ አንሺው በር ላይ እየጠበቀ፣ ይህች መሐላ በደቂቃ ታልፋለች፤ ከዓመታት በኋላ የሚያስታውሷትም ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ከቀለበቱና ከኬኩ በፊት ሁለቱ ሰዎች በሕግ ፊት አብረው የሚፈጽሙት የመጀመሪያ ሥራ እውነት ለመናገር መማል መሆኑ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

ሕጉ ከዚህም አልፎ፣ ፈቃድ በመሠረታዊ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ ከተሰጠ ጋብቻው እንደማይጸና ይደነግጋል። መሠረታዊ ስሕተት የሚባለው፣ ሰውየው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ጋብቻውን ባልፈጸመ ነበር የሚያሰኝ ዓይነት ስሕተት ሲሆን፣ በስም ከተጠቀሱት መካከል የተጋቢውን ማንነትና የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታን የሚመለከቱት ይገኙባቸዋል። ስሕተቱን ያወቀ ወገን ይህን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ጋብቻው ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ሳያልፍ ጋብቻው እንዲፈርስ መጠየቅ አለበት። የተደበቀ ዕዳ፣ ከሌላ የተወለደ ያልተነገረ ልጅ፣ የሌለ ዲግሪና ያልተያዘ ሥራ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስማቸው አልተጻፉም፤ የሰፈር ሽማግሌ ደጅ የሚያስጠኑት የትዳር ክርክሮች ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ የሚነሡ ናቸው።

ከጋብቻ በፊት ሊነገሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ጤና የተለየ ቦታ አለው። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ በተስፋፋባቸው ዓመታት በርካታ የሃይማኖት ተቋማት ተጋቢዎች አስቀድመው እንዲመረመሩ ማሳሰብ ጀመሩ፤ በዚያን ጊዜ እውነቱን መናገር ፍቅርን ከነተስፋው መቅበር ይመስል ስለ ነበር ብዙዎች ዝም አሉ። ዛሬ የእውነቱ ዋጋ ተለውጧል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገሪቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነና በ14 የአውሮፓ ሀገሮች አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከወረደ ሰው ወደ ትዳር ጓደኛው የተላለፈ አንድም ኢንፌክሽን አላገኘም። ስለዚህ መድኃኒቱን በሽሮ ጣሳ ውስጥ ደብቆ ሰዓት እየጠበቀ ተሸሽጎ የሚውጥ ሰው፣ ተደብቆ ሲውጥ ቀን ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ጓደኛውን ሊጠብቅለት የሚችለውን ሕክምና ራሱ በመደበቁ ያዳክመዋል፤ የነገረና የታገዘ ግን መድኃኒቱን ከሻይ ብርጭቆው ጋር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

በብዛት የሚዋሽበት ጉዳይ ግን ገንዘብ ነው፤ ስለ እርሱም ረዘም አድርጎ መጻፍ ይገባል። በአሁኑ ጊዜ ደመወዝ በባንክ ስለሚገባና ክፍያ በቴሌብር ስለሚፈጸም የአንድ ቤት የገንዘብ ታሪክ ሁሉ በሁለት ስልኮች ውስጥ ይኖራል። እራት ላይ የአንዱ ስልክ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ተደፍቶ ተቀምጦ ሳለ መልእክት ይገባና ብርሃኑ በጠርዙ በኩል ፈንጠቅ ይላል፤ ባለቤቱ እጁን ከእንጀራው ላይ አያነሣም፣ ሌላውም አይጠይቅም። መልእክቱ ምናልባት ለታናሽ ወንድም የተላከ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል፤ ምናልባት ለሥራ ባልደረባ በዋስነት ተፈርሞ አሁን ከደመወዝ መቆረጥ የጀመረ ብድር ይሆናል። አብዛኛው የገንዘብ ውሸት ከስግብግብነት የሚመጣ አይደለም። ለእናቱ በየወሩ የሚልከውን የሚደብቅ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ በሁለት ፍቅሮች መካከል ተይዞ አንዱን በጨለማ ሊያስተናግድ የወሰነ ሰው ነው። ነገር ግን ሚስቱ የቤቱን ወጪ የምታቅደው በሌለ ገንዘብ ላይ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ዘይትና ጤፍ ሲያጥር የምትወቅሰውም ራሷን ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረና በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ሆኖ ሲቀር፣ በትዳር ዘመን የተገኘው ግን በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። የጋራ የሆነ ቤትን መሸጥም ሆነ በዋስትና ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ይህ ተጥሶ ሲገኝ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱን በወንድም ስም ያስመዘገበ ሰው እንግዲህ ከሕጉ ግምት ሊያመልጥ የሞከረ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የገዛ ወንድሙን ምሥጢር ጠባቂ፣ የገዛ ሚስቱን ደግሞ ተከራካሪ አድርጎ ይኖራል።

ሩቅ ሀገር ላይ የተመሠረተ ትዳር ይህን ችግር ያጎላዋል። ወደ ጂዳ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች በየወሩ በሚልኩት ገንዘብ «መሠረቱ ወጥቷል፣ ግድግዳው ቆሟል» እየተባለ ሲነገራቸው ኖሮ፣ ሲመለሱ ሌላ ሰው ቤት ፊት ተቆሞ የተነሣ ፎቶ ብቻ ያገኙ አሉ። በሌላ በኩል እነዚሁ ሴቶች ቤተሰብ እንዳይጨነቅ በማለት ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ያልተነገረው ድካም የማይታይ በመሆኑ ገንዘቡ በቀላሉ የመጣ ይመስላል፣ በቀላሉም ይጠፋል። እዚህ ሁለት ውሸቶች ተመጋግበው ይታያሉ፤ አንዱ ከፍቅር የተነሣ፣ ሌላው ከክፋት። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያገባ ሰው ሁኔታም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ስለ ሥራ፣ ስለ ቀድሞ ጋብቻና ስለ ልጆች የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ጥንዶቹ እርስ በርስ ተጠያይቀው የማያውቋቸው ናቸው፤ ለሹም የሚዘጋጀው መልስ ለፍቅረኛ ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝናል።

ሰው ለምን ይደብቃል የሚለውን በኢትዮጵያዊ ጠባይ መነጽር ለመመልከት ይሉኝታ የሚለውን ቃል ማንሣት ግድ ነው። ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ሐሳብ የመጣ ሲሆን፣ የሌሎችን ስሜትና ፍርድ አስቀድሞ አስቦ ከመናገርና ከመሥራት መቆጠብ ነው። ማኅበረሰቡ ሆደ ሰፊውን ያከብራል፣ ገበናውን የከደነውን ያመሰግናል፤ ሰምና ወርቅ ቅኔውን፣ ማለትም ላይ ላዩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ ትርጉም ያለውን ንግግር፣ የጥበብ ቁንጮ አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ከሰው ጋር ተከባብሮ ለመኖር ጠቅሟል፤ ቤተ ዘመድ ፊት የሚስትን ስሕተት ሸፍኖ ማለፍ፣ የባልን ድህነት በጎረቤት ፊት አለማውራት ውሸት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ገበናን ከውጭ ሰው የሚከድነው መጋረጃ ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሁለቱ መካከል ሲዘረጋ ነው። አንዱ የሰም ንግግር ብቻ እየተናገረ ወርቁን ሌላው ራሱ እንዲያገኘው ሲጠብቅ፣ ሳይገኝ የቀረው ወርቅ ቂም ይሆናል።

ለዚህ ዝምታ ቋንቋው «ሆድ ይፍጀው» የሚል አባባል አለው። ሆድ ግን የዋጠውን አይፈጀውም። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማይክል ስሌፒያን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ሰዎች ሊደብቋቸው የሚችሉ 38 ዓይነት ጉዳዮችን ለይቶ ሲጠይቅ፣ አንድ ሰው በአማካይ 13ቱን እንደሚደብቅ፣ ከእነዚህም 5ቱን ለማንም ነግሮ እንደማያውቅ አገኘ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላው ግኝት ነው፤ ሰውን የሚጎዳው ተጠይቆ በሚሸሽግበት ቅጽበት ከሚደርስበት ጭንቀት በላይ፣ ብቻውን ባለበት ሰዓት አእምሮው ወደ ምሥጢሩ ደጋግሞ መመለሱ ነው። ሌሊት ነቅቶ ጣሪያ የሚያየው ባል የተጠየቀው ጥያቄ የለም። ቤላ ዴፓውሎ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሰዎች ለቅርባቸው ሰው ከሩቁ ይልቅ ጥቂት ትንንሽ ውሸት እንደሚናገሩ፣ ከባድ የሚባሉት ውሸቶች ግን በብዛት የሚነገሩት በጣም ለሚቀርቡት ሰው እንደሆነ አሳይታለች። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ትልቁን ነገር የሚደብቀው ማጣቱን ከሚፈራው ሰው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ባሏ የሚደበድባት ሴት በጎረቤቷ ስም የምትጥለው ዕቁብ፣ ማለትም አባላት በየጊዜው እያዋጡ በዕጣ የሚወስዱት ቁጠባ፣ ከውሸት ተራ ሊቆጠር አይገባም። ያ ገንዘብ ከልጆቿ ጋር የምትወጣበት በር ነው። እውነት መናገር አደጋ በሆነበት ቤት ለምሥጢሩ ተጠያቂው እውነቱን አደገኛ ያደረገው ሰው ነው፤ ስለ ሐቀኝነት የሚሰበክ ስብከት ሁሉ ይህን ካላስታወሰ በደካማው ላይ ሌላ ቀንበር ይጭናል።

የተደበቀው ነገር የሚወጣበት መንገድም የራሱ ጥበብ አለው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ እውነት ተስፋ ይሰጣል፤ በትዳር ውስጥ ግን እያደር እስኪጠራ ልጆች ይወለዳሉ፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ሌላው የሚመርጠው ነገር እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ከመገለጥ መናገር ይሻላል፤ ሲናገሩም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መናገር። ዕዳው 200 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ መጀመሪያ 50 ሺህ ነው ብሎ፣ ከሳምንት በኋላ 100 ሺህ፣ ከወር በኋላ ቀሪውን የሚናገር ሰው ሁለት ጊዜ ዋሽቷል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ሲናገር እንኳ ሰሚው የሚጠብቀው አራተኛውን ቁጥር ነው። በኦርቶዶክሳዊ ቤት ደግሞ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ አንድ የነፍስ አባት ስላላቸው፣ ካህኑ ከሁለቱም የሰማውን ይዞ በመካከላቸው ጠበል ይረጫል፤ ለንስሐ አባት መናገር ሕሊናን ቢያሳርፍም የትዳር ጓደኛ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለእርሱ እንደ መንገር አይቆጠርም። ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ለዕርቅ ይቸኩላሉ፤ «ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ ተዉት» ተብሎ ጉልበት ተስሞ ሲለያዩ የተደበቀው ነገር ገና ግማሹ አልወጣም፣ ከዓመት በኋላም ያው ሽማግሌ ያንኑ ደጅ ይረግጣል።

የሰሚው ድርሻም ከተናጋሪው አያንስም። እውነቱን በሰማ ቅጽበት የጮኸ፣ ለእናቱ የደወለ፣ ነገሩን ለቀጣዩ ጠብ መሣሪያ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው፣ ጓደኛውን ከዚያ ወዲያ እንዲደብቅ አሠልጥኖታል። «ለምን አልነገርከኝም?» ለሚለው ጥያቄ በእውነት የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ፈራሁሽ»። ይህን ቃል የሰማች ሚስት መቆጣቷ ተገቢ ነው፣ ማዘኗም ተገቢ ነው፤ ግን ያን ማታ ከቁጣዋ ቀጥሎ የምትጠይቀው ጥያቄ ወሳኝ ነው። «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጋር ስታስጠጋ፣ እርሱም የተደፋውን ስልክ ገልብጦ በመካከላቸው ሲያስቀምጥ፣ ሁለቱ መልእክቶቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አንድ በአንድ እያነበቡ በልጃቸው ደብተር የኋላ ገጽ ላይ መደመር ይጀምራሉ።